ምርቃት ሆኖ የተሸጠው ዋንጫ፦ የአሜሪካ ኮሌጆች የሴቶች እግር ኳስ ወጪ በማን ኪስ ነው?

በጥር ወር 2025 የለንደኑ ቼልሲ ክለብ ለአንዲት የመሐል ተከላካይ 1.1 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሴቶች እግር ኳስ የአንድ ተጫዋች የዝውውር ዋጋ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር ሲያልፍ ያ የመጀመሪያው ነበር። ተጫዋቿ ናኦሚ ግርማ ትባላለች፤ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በካሊፎርኒያዋ ሳን ሆዜ ከተማ የተወለደች ናት። ሪከርዱ ስድስት ወር ሳይሞላው በሌላ ዝውውር ቢሰበርም፣ የሚሊዮኑን በር የከፈተችው እሷ መሆኗ ግን በታሪክ ተመዝግቧል።

ገንዘቡ የሄደው ለሻጩ፣ ለሳን ዲዬጎ ዌቭ ክለብ ነው። ይሁንና ሳን ዲዬጎ ተጫዋቿን ሲያገኝ ለማንም የዝውውር ሂሳብ አልከፈለም። ለ2022 የውድድር ዘመን በተካሄደው የኮሌጅ ተጫዋቾች ምርጫ ላይ ከሁሉም አንደኛ አድርጎ መረጣት፤ አለቀ። ከዚያ በፊት ያስተማራት፣ ያሠለጠናትና በብሔራዊ ሻምፒዮና ያጫወታት ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። በገበያ ቋንቋ እንናገር ከተባለ፣ አምራቹ ሌላ፣ ሻጩ ሌላ ማለት ነው።

ለመሆኑ አምራቹ ምን አገኘ? ደግሞስ ትርፍ የማያገኝ አምራች ለምን ያመርታል? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው የአሜሪካ ኮሌጆች የሴቶች እግር ኳስ ብሔራዊ ሻምፒዮና በሚባለው ውድድር ውስጥ ነው። ይህ ውድድር ከ40 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። የዓለም ዋንጫና የኦሊምፒክ ወርቅ ያነሱ ብዙ ተጫዋቾች ያለፉበት ነው። ሂሳቡ ግን ከተለመደው የንግድ ሂሳብ ጋር አይገጥምም። በ2025 ደግሞ የሂሳቡ ሕግ ራሱ ተቀይሯል። ይህ ለውጥ ልጆቻቸውን በስኮላርሺፕ ለማስተማር ለሚያስቡ ወላጆች፣ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንንም ጨምሮ፣ በቀጥታ የሚመለከት ጉዳይ ነው።

ውድድሩ እንዴት ይካሄዳል?

የውድድሩ ባለቤት በምህፃሩ ኤንሲኤኤ እየተባለ የሚጠራው የአሜሪካ ኮሌጆች የስፖርት ማኅበር ነው። ማኅበሩ አባል ኮሌጆችን በሦስት ዲቪዚዮኖች ከፍሏል፤ እያንዳንዱ ዲቪዚዮን የራሱ የሴቶች እግር ኳስ ሻምፒዮና አለው። ትልቁና የሚታወቀው የአንደኛ ዲቪዚዮኑ ነው።

መደበኛው ጨዋታ ነሐሴ ውስጥ ተጀምሮ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ 64 ቡድኖች ለጥሎ ማለፉ ይጠራሉ። የየሊጉ አሸናፊዎች በቀጥታ ይገባሉ፤ የቀሩትን ቦታዎች የሚሞላው መራጭ ኮሚቴ ነው። ውድድሩ በአንድ ሽንፈት መሰናበት ስለሆነ ዋንጫውን የሚወስደው ቡድን ስድስት ጊዜ ተከታትሎ ማለፍ አለበት፤ በጠቅላላው 63 ጨዋታ ይደረጋል። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች የተሻለ ደረጃ ባላቸው ኮሌጆች ሜዳ ይካሄዳሉ። የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ግን አስቀድሞ ወደተመረጠ ከተማ ይሄዳሉ። ይህ የመጨረሻ ምዕራፍ «ኮሌጅ ካፕ» ይባላል። በሰሜን ካሮላይና የምትገኘው የኬሪ ከተማ በተደጋጋሚ አስተናግዳዋለች።

የአጨዋወቱ ደንብ እኛ ከምናውቀው ትንሽ ይለያል። ሰዓቱ የሚቆጥረው ወደ ታች ነው፤ ከ45 ተነስቶ ወደ ዜሮ። ተቀይራ የወጣች ተጫዋች ተመልሳ መግባት ትችላለች። ይህ ለአሠልጣኞች ሰፊ የተጠባባቂ ቡድን የመያዝ ምክንያት ይሰጣቸዋል። ጨዋታ በፍፁም ቅጣት ምት ከተለየ ደግሞ በመዝገብ ላይ የሚሰፍረው በአቻ ውጤት ነው፤ መለያው አላፊውን ብቻ ያሳያል።

ናኦሚ ግርማ ዋንጫውን ያነሳችበት የ2019 ፍጻሜም እንዲሁ ነበር። ስታንፎርድና ሰሜን ካሮላይና ያለ ግብ ጨርሰው ስታንፎርድ በመለያ ምት 5 ለ 4 አሸነፈ። ጨዋታው የተደረገው በትውልድ ከተማዋ በሳን ሆዜ ነው። በዚያ ቡድን ውስጥ ከናኦሚ ሌላ ሶፊያ ስሚዝና ካታሪና ማካሪዮ ነበሩ። ስሚዝ በ2020ው የተጫዋቾች ምርጫ አንደኛ ሆና ወጣች። ማካሪዮ በ2021 መጀመሪያ ወደ ፈረንሳዩ ሊዮን ሄደች። ናኦሚ በተራዋ የ2022ቱ ምርጫ አንደኛ ሆነች። ከአንድ የኮሌጅ ቡድን በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲህ ያለ ምርት ወጣ ማለት ነው።

ገበያውን የፈጠረው ሕግ ነው

ይህ ስፖርት የተስፋፋው ተመልካች ትኬት ለመግዛት ተሰልፎ ስለጠበቀ አይደለም፤ መነሻው ሕግ ነው። በሰኔ 1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን የፈረሙበትና «ታይትል ናይን» በመባል የሚታወቀው ሕግ፣ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ማንኛውም የትምህርት ተቋም በጾታ ምክንያት አድልዎ እንዳያደርግ ይከለክላል። ሕጉ ስለ ስፖርት ተብሎ የወጣ አልነበረም። ሆኖም ስፖርት የትምህርት ተቋሙ አካል በመሆኑ ክልከላው ሜዳውንም ነካው።

አንድ ዩኒቨርሲቲ ሕጉን ማክበሩን ከሚያሳይባቸው መንገዶች አንዱ የቁጥር ምጣኔ ነው። ከተማሪዎቹ ግማሾቹ ሴቶች ከሆኑ ከስፖርተኞቹም ግማሽ ያህሉ ሴቶች መሆን ይኖርባቸዋል። ችግሩ ያለው የአሜሪካን ፉትቦል ላይ ነው። ይህ የወንዶች ስፖርት በትልልቆቹ ኮሌጆች ለብዙ ዓመታት እስከ 85 ስኮላርሺፕ ብቻውን ሲወስድ ኖሯል። በሴቶች በኩል ይህን የሚያህል ስፖርት የለም። ስለዚህ ሚዛኑን ለማስተካከል ብዙ ልጆች የሚይዝ፣ ሜዳው አስቀድሞ ያለ፣ መሣሪያው ውድ ያልሆነ የሴቶች ስፖርት መፈለግ ግድ ሆነ። ለእግር ኳስ ኳስ፣ ታኬታ፣ ማሊያና ሁለት ጎል ይበቃሉ። አንድ ቡድን ደግሞ 25 እና 30 ሴቶችን ይይዛል። ለኮሌጅ ሂሳብ ሹም ከዚህ የተሻለ አማራጭ አልነበረም።

ቁጥሩ ይህንኑ ይናገራል። በ1981-82 የውድድር ዘመን በኤንሲኤኤ ሥር የነበሩት የሴቶች እግር ኳስ ቡድኖች 80 ነበሩ። ዛሬ ሦስቱ ዲቪዚዮኖች ሲደመሩ ከ1 ሺህ በላይ ናቸው። በሻምፒዮናው በ1982 የተካፈሉት 12 ቡድኖች ብቻ ሲሆኑ፣ ከ2001 ጀምሮ ቁጥሩ 64 ደርሷል።

ዕድገቱ ግን ያለ እንቅፋት አልመጣም። በ1984 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሕጉን ወሰን የሚያጠብ ውሳኔ በመስጠቱ የስፖርት ክፍሎች ለጊዜው ከግዴታው ወጡ፤ ምክር ቤቱ በ1988 አዲስ ሕግ አውጥቶ መለሳቸው። በ1990ዎቹ ደግሞ የብራውን ዩኒቨርሲቲ ሴት ስፖርተኞች ቡድኖቻቸው ሲታጠፉባቸው ተቋሙን ከሰው ረቱ። ከዚያ ክስ በኋላ ሌሎች ኮሌጆች ጠበቃ ከመቅጠር ይልቅ አሠልጣኝ መቅጠሩ እንደሚረክስ ገባቸው።

ትልቁ ነጋዴ ትንሹን ሲያስወጣ

አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ ሌላም ታሪክ አለ። ኤንሲኤኤ የተመሠረተው በ1906 ቢሆንም፣ ለሰባ ዓመት ያህል የሴቶች ውድድር የሚባል ነገር አላካሄደም። በ1970ዎቹ የሴቶቹን ስፖርት የሚመራው በሴቶች የተቋቋመ ሌላ ማኅበር ነበር። የመጀመሪያውን የሴቶች የኮሌጅ እግር ኳስ ብሔራዊ ሻምፒዮና በ1981 ያዘጋጀውም ያ ማኅበር ነው። አሸናፊው ሰሜን ካሮላይና ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ኤንሲኤኤ ወደ ገበያው ገባ። የያዘውም ማንኛውም ትልቅ ነጋዴ ተፎካካሪውን ለማስወጣት የሚይዘውን መሣሪያ ነው፤ ለወንዶች ቡድኖች አባል የሆኑ ኮሌጆች ለሴቶቹ ተጨማሪ መዋጮ እንዳይከፍሉ አደረገ፣ ለሻምፒዮና የሚጓዙ ቡድኖችን የመጓጓዣ ወጪም እኔ እችላለሁ አለ። የሴቶቹ ማኅበር አባላቱም የቴሌቪዥን ውሉም ከእጁ ወጡ። ገበያን በሞኖፖል መያዝ ነው ብሎ ከሰሰ፤ ተረታ፤ ተዘጋ። ስለዚህ ሴቶቹ ትልቅ ውድድር ሲያገኙ፣ ውድድሩን በራሳቸው የማስተዳደር ሥልጣናቸውን አጡ። የዚያ ዋጋ በኋላ በቴሌቪዥኑ ገበያ ላይ ተቆረጠ።

የሰሜን ካሮላይና ገበያ

ከ1982 እስከ 2024 ከተካሄዱት 43 ሻምፒዮናዎች ሰሜን ካሮላይና 22ቱን ወስዷል፤ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ከ1986 እስከ 1994 ዘጠኝ ጊዜ በተከታታይ ማንም አልቀማውም። በዚያው ዘመን 92 ጨዋታዎችን በተከታታይ አሸንፏል።

ምክንያቱ ምስጢር አይደለም፤ ቀድሞ መግባት ነው። ዩኒቨርሲቲው የሴቶች ቡድኑን በ1979 ሲያቋቁም ብዙዎቹ ኮሌጆች ስለ ሴቶች እግር ኳስ አላሰቡም ነበር። አሠልጣኙ አንሰን ዶራንስ በአገሪቱ ያሉትን ጥሩ ጥሩ ልጆች ያለ ተጫራች ሰበሰቧቸው። ጥሩ ተጫዋች ያለበት ጥሩ ተጫዋች ይመጣል፤ ደንበኛ ደንበኛን ይጠራል እንደሚባለው ነው። በ1991 የመጀመሪያው የሴቶች የዓለም ዋንጫ በቻይና ሲካሄድ ዋንጫውን ያነሳው የአሜሪካ ቡድን አሠልጣኝ እሳቸው ነበሩ፤ ከ18ቱ ተጫዋቾችም ዘጠኙ የሰሜን ካሮላይና ነበሩ። ሚያ ሃም ከነዚያ አንዷ ናት፤ በኮሌጅ ቆይታዋ አራት ብሔራዊ ዋንጫ ወስዳለች።

ይሁንና ሞኖፖሉ ዘላለማዊ አልሆነም። በ1985 ጆርጅ ሜሰን፣ በ1995 ኖትር ዳም፣ በ1998 ፍሎሪዳ ሰብረው ገቡ። ከ2001 በኋላ ደግሞ ገበያው በእርግጥ ተከፈተ፦ ሳንታ ክላራ፣ ፖርትላንድ፣ ስታንፎርድ፣ ዩሲኤልኤ፣ ዩኤስሲ፣ ፔን ስቴት። ፍሎሪዳ ስቴት በ2014፣ በ2018፣ በ2021 እና በ2023 አሸነፈ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነጥብ አለ። ጆርጅ ሜሰን፣ ፖርትላንድና ሳንታ ክላራ ዋንጫውን ሲያነሱ ለኤንሲኤኤ ውድድር የሚሰለፍ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን አልነበራቸውም። ፖርትላንድና ሳንታ ክላራ ትንንሽ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። ከ190 የአገር ጎል ጋር በወንድም ሆነ በሴት የዓለም ክብረ ወሰን የያዘችው ካናዳዊቷ ክሪስቲን ሲንክሌር የወጣችው ከፖርትላንድ ነው። በፉትቦል ገበያ 80 ሺህ ሰው የሚይዝ ስቴዲየም የሌለው ኮሌጅ መወዳደር አይችልም። በሴቶች እግር ኳስ ግን አንድ ብልህ አሠልጣኝና ጥሩ ሜዳ ያለው ትንሽ ኮሌጅ ከትልቁ ጋር እኩል ሊቀመጥ ይችላል። የመግቢያው ዋጋ ርካሽ የሆነበት ገበያ ስለሆነ ነው።

ዶራንስ በ2024 ነሐሴ፣ የውድድር ዘመኑ ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው ጡረታ ወጡ። የተተኩት ረዳታቸው ዴመን ናሃስ በዚያው ዓመት ዌክ ፎረስትን 1 ለ 0 አሸንፈው 22ኛውን ዋንጫ አስገቡ።

ገቢና ወጪው

አሁን ወደ መዝገቡ እንግባ። ትልቁ ወጪ ስኮላርሺፕ ነው። እስከ 2024-25 ድረስ በአንደኛ ዲቪዚዮን አንድ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን መስጠት የሚችለው ከፍተኛ ቁጥር 14 ሙሉ ስኮላርሺፕ ነበር። ይህ ማለት ግን 14 ልጆች ብቻ ያገኛሉ ማለት አይደለም። አሠልጣኙ እንደ ዳቦ ቆርሶ ማከፋፈል ይችላል፤ ለአንዷ ሙሉ፣ ለአንዷ ግማሽ፣ ለሌላዋ ሩብ። 28 ተጫዋች ባለበት ቡድን አማካዩ ግማሽ ዳቦ ነው። ብዙ ወላጅ «ልጄ ስኮላርሺፕ አገኘች» ሲል የሚሰማው ሙሉው ይመስለዋል፤ የቀረውን ግማሽ ከፋይ ራሱ መሆኑን የሚረዳው የክፍያው ወረቀት ሲመጣለት ነው።

እንደ ስታንፎርድ ባለ የግል ዩኒቨርሲቲ የአንድ ተማሪ ሙሉ ወጪ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዓመት ከ80 ሺህ ዶላር ይበልጣል። በ80 ሺህ ብናሰላው እንኳ 14ቱ ሙሉ ስኮላርሺፕ በዓመት 1.12 ሚሊዮን ዶላር ነው። ናኦሚ ግርማ ከተሸጠችበት ዋጋ ጋር ከሞላ ጎደል እኩል መሆኑ ነው። በአራት ዓመት አራት እጥፍ ይሆናል። በዚህ ላይ የአሠልጣኞች ደመወዝ፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ ሆቴል፣ ሐኪምና ሜዳ ይጨመራሉ።

በገቢው በኩል ያለው ትኬት ነው፤ ጥቂት ስፖንሰርም ይኖራል። ወጪውን የሚሸፍን አይደለም። ስለሆነም ቡድኑ በድጎማ ይኖራል፤ ደጓሚዎቹም ፉትቦልና የወንዶች ቅርጫት ኳስ፣ ወይም ተማሪዎች የሚከፍሉት ክፍያ፣ ወይም የዩኒቨርሲቲው ካዝና ናቸው።

ይሁን እንጂ ኪሳራው ሁሉ እውነተኛ ኪሳራ አይደለም። ስኮላርሺፕ ከስፖርት ክፍሉ ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚዞር ሂሳብ ነው፤ ከቀኝ ኪስ ወጥቶ ግራ ኪስ ይገባል። በሦስተኛ ዲቪዚዮን ደግሞ የስፖርት ስኮላርሺፕ ፈጽሞ አይፈቀድም። እዚያ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ማቋቋም ማለት 25 ወይም 30 ከፋይ ተማሪ ማምጣት ማለት ነው። ተማሪ ላነሰው ትንሽ ኮሌጅ ቡድኑ ወጪ ሳይሆን ገበያ ነው። ቡድኖቹ ከ1 ሺህ በላይ ለመሆን የበቁበት አንዱ ምስጢር ይኸው ነው።

በጅምላ የተሸጠው ቴሌቪዥን

መርካቶ ገብቶ የገዛ ሰው ምርቃት ምን እንደሆነ ያውቃል። ሻጩ ዋናውን ዕቃ በዋጋ ከሸጠ በኋላ ለደንበኛው ደስ እንዲለው ትንሽ ነገር ይጨምርለታል። የሴቶች የኮሌጅ እግር ኳስ ለቴሌቪዥን የተሸጠው በዚህ ዓይነት ነው።

ኤንሲኤኤ በጥር 2024 ከኢኤስፒኤን ጋር ለስምንት ዓመት የሚቆይ የ920 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። ውሉ 40 ሻምፒዮናዎችን በአንድ ላይ የያዘ ነው፤ 21ዱ የሴቶች፣ 19ኙ የወንዶች። በዓመት አማካዩ 115 ሚሊዮን ይሆናል። ከዚህ ውስጥ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ብቻውን 65 ሚሊዮን እንደሚያወጣ ኤንሲኤኤ ገምቷል። ለቀሩት 39 ሻምፒዮናዎች የሚተርፈው 50 ሚሊዮን ነው። እኩል ቢካፈሉት ለአንዱ 1.3 ሚሊዮን ገደማ ይደርሰዋል። በአንጻሩ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ውል እስከ 2032 ላሉት ስምንት ዓመታት 8.8 ቢሊዮን ዶላር ነው፤ በዓመት 1.1 ቢሊዮን።

«የሴቶቹ እግር ኳስ ዋጋው ይኸው ነው» የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ «ለብቻው ወደ ገበያ ወጥቶ የማያውቅ ዕቃ ዋጋው በምን ይታወቃል?» ይላሉ። የሁለተኞቹ ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። የሴቶች ቅርጫት ኳስም ለረዥም ጊዜ በጅምላው ውስጥ ተቀብሮ ኖሮ ተመልካቹ ሲበዛ ነው ዋጋው ተለይቶ የተጠራው። በ1999 የሴቶች የዓለም ዋንጫ ፍጻሜን በሮዝ ቦውል ስቴዲየም 90,185 ሰው እንደተመለከተውም መዘንጋት አይገባም።

ሌላም ልዩነት አለ። በወንዶች ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ጨዋታ ላደረገ ቡድን ሊጉ ከኤንሲኤኤ ገንዘብ ያገኛል። ይህ አሠራር ለሴቶች ቅርጫት ኳስ የተፈቀደው በጥር 2025 ነው። እግር ኳሱ ላይ የለም። ስድስት ጊዜ አሸንፎ ሻምፒዮን የሆነ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ለኮሌጁ ይዞ የሚመለሰው ዋንጫ ነው።

ምርቱ መንገድ ቀየረ

የአሜሪካ የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ በ2013 ሲጀመር ዝቅተኛው ደመወዝ በውድድር ዘመን 6 ሺህ ዶላር ነበር። በዚያ ዋጋ ስኮላርሺፕን ትታ የምትሄድ ልጅ አልነበረችም፤ ኮሌጁ ያለ ተፎካካሪ ገዢ ነበር። በ2025 ዝቅተኛው ደመወዝ 48,500 ዶላር ደርሷል፤ በ2030 ደግሞ 82,500 እንዲሆን ተስማምተዋል። በዚያው በ2024 በተፈረመው የሠራተኛ ስምምነት የኮሌጅ ተጫዋቾች ምርጫ የሚባለው ሥርዓት ተሽሯል። ተጫዋቿ እንደማንኛውም ሠራተኛ ከፈለገችው ክለብ ጋር ትደራደራለች።

የዚህ ውጤት በሁለት በኩል ይታያል። በአንድ በኩል ምርጥ ምርጦቹ ልጆች በ16 እና በ17 ዓመታቸው ኮሌጁን ዘለው ወደ ክለብ መሄድ ጀምረዋል። በሌላ በኩል ኮሌጅ የገቡትም አራት ዓመት ሳይሞሉ ይወጣሉ። ሆኖም ኮሌጁ ዛሬም ለአብዛኛዎቹ ብቸኛው በር ነው። የክለቦቹ ወንበር ጥቂት መቶ ነው፤ የኮሌጆቹ ግን በአስር ሺዎች ይቆጠራል። ደግሞም ክለብ ጉልበቷ ለተጎዳ ተጫዋች ዲግሪ አይሰጣትም።

አዲሱ ሂሳብ

በሰኔ 2025 አንድ የፌዴራል ዳኛ ኤንሲኤኤና ስፖርተኞች የደረሱበትን ትልቅ ስምምነት አጸደቁ። ስምምነቱ «ሃውስ» በሚባለው ክስ ስም ይታወቃል። ዋና ዋና ነጥቦቹ ሦስት ናቸው።

አንደኛ፣ ላለፉት ዓመታት ካሣ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በአስር ዓመት ውስጥ ለስፖርተኞች ይከፈላል። ሁለተኛ፣ ኮሌጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ ገንዘብ መክፈል ይችላሉ፤ ጣሪያው በ2025-26 ለአንድ ኮሌጅ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ሦስተኛ፣ የስኮላርሺፕ ጣሪያው ተነስቶ በቡድን አባላት ቁጥር ጣሪያ ተተክቷል። ለሴቶች እግር ኳስ ቁጥሩ 28 ነው። ስምምነቱን የተቀበለ ኮሌጅ ከፈለገ ለ28ቱም ሙሉ ስኮላርሺፕ መስጠት ይችላል።

ላይ ላዩን ሲታይ ከ14 ወደ 28 ማደግ የምሥራች ነው። ነገር ግን «ይችላል» እና «ይሰጣል» የተለያዩ ቃላት ናቸው። 20.5 ሚሊዮኑ ከሰማይ አይወርድም፤ ከዚያው ከስፖርት ክፍሉ ካዝና ነው የሚወጣው። በሰፊው ሲነገር የቆየው አከፋፈል ለፉትቦል 75 በመቶ፣ ለወንዶች ቅርጫት ኳስ 15፣ ለሴቶች ቅርጫት ኳስ 5፣ ለቀሩት ስፖርቶች በሙሉ 5 በመቶ የሚል ነው። አምስት በመቶው አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ እሱንም እግር ኳስ፣ ዋና፣ ሩጫ፣ መረብ ኳስና ሌሎችም ይቀራመቱታል። የበፊቱ ደጓሚ አሁን ራሱ ከፋይ ሆኗል። ደጓሚ ዕዳ ሲገባ መጀመሪያ የሚጎድለው ድጎማው ነው።

ታዲያ ሕጉስ? በክርክር ላይ ነው። ለተጫዋቾች የሚከፈለው ገንዘብ እንደ ስኮላርሺፕ ተቆጥሮ በታይትል ናይን ይመዘን ወይስ አይመዘን? የትምህርት ሚኒስቴሩ በጥር 2025 ይመዘናል የሚል መመሪያ አወጣ፤ አስተዳደሩ ሲቀየር በየካቲት መመሪያው ተሻረ። የካሣው አከፋፈል ሴቶችን ይጎዳል ያሉ ስፖርተኞችም ስምምነቱ እንደጸደቀ ይግባኝ ብለዋል። ይህን ስፖርት ከምንም ያስነሳው ሕግ ነው፤ አሁንም ጥያቄው የተመለሰው ወደ ሕጉ ነው።

የሴቶች እግር ኳስ ቡድኖች በአንድ ጀምበር ይዘጋሉ ብሎ መፍራት አይገባም። የቁጥር ምጣኔው ግዴታ እስካለ ድረስ 28 ሴቶችን የሚይዝ ቡድን የሚዘጋ ኮሌጅ ለፍርድ ቤት ይጋለጣል። የሚያሰጋው ቀስ በቀስ መክሳት ነው፦ ጉዞ ይቀነሳል፣ ረዳት አሠልጣኝ አይተካም፣ ስኮላርሺፑ 28 መሆን ሲችል በ10 ይቀራል። ጥቂት ሀብታሞች 28ቱን ሞልተው ሲሰጡ ሌሎቹ ባሉበት ከቀሩ ደግሞ እንደ ፖርትላንድና ሳንታ ክላራ ያሉ ትንንሾቹ የሚያሸንፉበት ዘመን ሊያልፍ ይችላል። ርካሽ የነበረው የመግቢያ ዋጋ ይወደዳል ማለት ነው።

ለወላጆች

ናኦሚ ግርማ ኳስ የጀመረችው በሳን ሆዜ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች «ማለዳ» ብለው ባቋቋሙት የልጆች ስብስብ ውስጥ ነው፤ አባቷም ካቋቋሙት አንዱ ናቸው። በየሳምንቱ መጨረሻ ልጆች ይጫወታሉ፣ ወላጆች ይገናኛሉ። ለትርፍ የታሰበ አልነበረም።

ዛሬ ያንን ታሪክ የሰማ ወላጅ ሁሉ ልጁን ታኬታ ሊያስገዛ ይነሳል፤ ክፉ አይደለም። ግን ሂሳቡን ይወቅ። በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እግር ኳስ ከሚጫወቱ 100 ልጃገረዶች ለኤንሲኤኤ ቡድን የሚበቁት ከ10 ያነሱ ናቸው፤ ለአንደኛው ዲቪዚዮን የሚበቁት ደግሞ ከዚያም እጅግ ያንሳሉ። የግል የወጣቶች ክለቦች በዓመት በሺህ የሚቆጠር ዶላር ያስከፍላሉ። ስኮላርሺፕ እናገኛለን ብሎ አስር ዓመት ለክለብ መክፈል «ላም አለኝ በሰማይ» ሊሆን ይችላል፤ ያንኑ ገንዘብ ለትምህርት ያስቀመጠ ወላጅ የተሻለ አትርፎ ሊገኝ ይችላል።

ጥሪ የመጣለት ወላጅ ደግሞ አሠልጣኙን አራት ነገር ይጠይቅ። ኮሌጁ ስምምነቱን ተቀብሏል ወይስ አልተቀበለም? ከ28ቱ ቦታዎች ስንቱ ስኮላርሺፕ አለው? የልጄ ድርሻ ስንት በመቶ ነው፣ ለስንት ዓመትስ ዋስትና አለው? ብትጎዳ ምን ይሆናል? መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይቀበል። ከገበያ ዕቃ ሲገዛ ደረሰኝ የሚጠይቅ ሰው፣ በልጁ አራት ዓመት ላይ ሲፈርም ደረሰኝ ቢጠይቅ አያሳፍረውም።

ናኦሚ ግርማ ከስታንፎርድ የወጣችው በዋንጫና በዲግሪ ነው። ሁለቱም ድጎማ የተከፈለባቸው ናቸው። ድጎማውን ከእንግዲህ ማን እንደሚከፍል ገና አልተወሰነም፤ ገበያው ብቻውን ቢተው ግን እንደማይከፍል ያለፉት 40 ዓመታት አሳይተዋል።